የመዝናኛ ዓሣ አጥማጆችና የዓሣ ሀብት ሕግ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ጠረፍ

ኑሮውን በዓሣ ሽያጭ ያልመሠረተ፣ የዕረፍት ቀኑን ግን በመንጠቆ የሚያሳልፍ ሰው ተደራጅቶ ሕግ ሊያስለውጥ እንደሚችል ጎልቶ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ የአሜሪካ ደቡባዊ ጠረፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ቴክሳስ ውስጥ በሂውስተን ከተማ 14 አጥማጆች በአንድ የማጥመጃ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ተሰብስበው ዛሬ ኮስታል ኮንሰርቬሽን አሶሲየሽን የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ። ያሰባሰባቸው ሬድፊሽና ስፔክልድ ትራውት የተባሉት ዓሦች ለገበያ በሚያጠምዱ ሰዎች መረብ እየተመናመኑ መሄዳቸው ነበር። በ1981 የቴክሳስ ምክር ቤት በግዛቲቱ ውኃ የሚያዙት ሁለቱ ዝርያዎች እንዳይሸጡ ደነገገ። በፍሎሪዳም የማኅበሩ ቅርንጫፍ ከሌሎች ጋር የመራው ዘመቻ በ1994 ለሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ 72 በመቶ ድምፅ በማግኘቱ፣ ዓሣን በስንጥቡ የሚይዘው መረብ በግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ታገደ።

ገንዘቡ በብዛት የሚሰበሰበው በማዕድ ዙሪያ ነው። ቅርንጫፎች በየዓመቱ የራት ግብዣ ያዘጋጃሉ፤ ነጋዴዎች በነፃ የሰጧቸው የማጥመጃ ዘንጎች፣ ሥዕሎችና የጀልባ ጉዞዎች በጨረታ ይሸጣሉ። ለመብላትና ለመጫረት የመጣ ሁሉ ማን ስንት ዓሣ ይያዝ የሚለው የኮታ ክርክር ይገደዋል ማለት አይቻልም፤ ሆኖም የአባላት ብዛት በሕግ አውጪ ዘንድ ከገንዘቡ ያነሰ ክብደት የለውም። በቴክሳስ በሞቃቱ ወራት በሚካሄደው ውድድርም ምልክት ተደርጎበት የተለቀቀ ሬድፊሽ የያዘ አጥማጅ መኪና ወይም ጀልባ ሊሸለም ይችላል፤ ለዚህ ግን አስቀድሞ አባል መሆን ግድ ነው።

ከዚህ የተለየው የመንግሥት ገቢ ነው። በ1950 በወጣ ሕግ መሠረት በማጥመጃ ዕቃዎች ላይ የሚጣለው ቀረጥ፣ ከ1984 ወዲህ ደግሞ የሞተር ጀልባ ነዳጅ ግብር ተጨምሮበት፣ ለግዛቶች የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤቶች ይከፋፈላል። ማኅበራቱ ከዚህ ገንዘብ ድርሻ ባይኖራቸውም፣ «ከፋዮቹ እኛ ነን» ለሚለው ሙግታቸው መነሻ ሆኗቸዋል።

ለገበያ የሚያጠምዱ ቤተሰቦች ይህን ሁሉ እንደ ጥበቃ አያዩትም፤ በእነርሱ ዓይን ጉዳዩ የሀብት ንጥቂያ ነው፣ ቅሬታቸውም መሠረት አለው። ሬድ ስናፐር በተባለው ዓሣ ላይ ያለው ክርክር ይህን ያሳያል፦ ለገበያ የሚያጠምደው ሰው የያዘው መጠን በሚዛን ሲታወቅ፣ የመዝናኛ አጥማጁ ግን ለረጅም ጊዜ በመጠይቅና በወደብ ቆጠራ ሲገመት ኖሯል። ማኅበራቱ የደገፉትና በ2018 መጨረሻ የጸደቀው ፌዴራላዊ ሕግ የመረጃ አሰባሰቡ እንዲሻሻል አዟል። አላባማ ከዚያ ቀደም ብላ፣ ከ2014 ጀምሮ፣ አጥማጁ የያዘውን ሬድ ስናፐር ወደ ምድር ከማውረዱ በፊት እንዲያስመዘግብ ታስገድዳለች።