ቀለሙ ከጠፋ ውሃው ጸዳ? ስለ ናኖ የሚወሩና የማይሆኑ ነገሮች

አቃቂ ቃሊቲ በኩል የወንዙ ነገር ሲነሳ «ናኖ የሚባል እጅግ የደቀቀ ዱቄት አለ፤ ውሃ ውስጥ የገባ የጨርቅ ማቅለሚያን ድራሹን ያጠፋል» የሚል አይጠፋም። ዱቄቱስ አለ። ወሬው ነው መጣራት ያለበት።

«ናኖ የላብራቶሪ ነገር ነው።» የእኛው መረሬስ? ክረምት ላይ ጫማ የሚነጥቀን ጥቁር አፈር ውስጥ ያለው ሸክላ የስስ ንጣፎች ድርድር ነው። የአንዱ ንጣፍ ውፍረት 1 ናኖሜትር ገደማ፣ ማለትም የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

«የትኛውም ናኖ የትኛውንም ቀለም ይይዛል።» ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚወስነው የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው፤ ተቃራኒዎች ይሳሳባሉ፣ ተመሳሳዮች ይገፋፋሉ። ሜቲሊን ብሉ የሚባለው ሰማያዊ ማቅለሚያ ውሃ ውስጥ ፖዘቲቭ ነው፤ የመረሬ ሸክላ ደግሞ ኔጌቲቭ። መረሬ የተበጠበጠበት ውሃ ላይ ትንሽ ሜቲሊን ብሉ ጠብ ካደረጋችሁ፣ ጭቃው ሲዘቅጥ ሰማያዊውን ይዞት ይወርዳል። ጥጥ የሚነከርባቸው ሪአክቲቭ ቀለሞች ግን ራሳቸው ኔጌቲቭ ናቸው። ሸክላው ዞር ብሎም አያያቸው። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባለው ነጭ የናኖ ዱቄትማ እንደ ውሃው ይገለባበጣል፤ ከፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) 6 ገደማ በታች ፖዘቲቭ፣ ከዚያ በላይ ኔጌቲቭ ነው። ጠዋት የያዘውን ቀለም፣ ፒኤቹ ከተቀየረ ከሰዓት ሊለቀው ይችላል።

«ቀለሙ ጠፋ ማለት ጸዳ ማለት ነው።» ኧረ በፍጹም! ጭቃው ከያዘው፣ ቀለሙ ቦታ ቀየረ እንጂ የትም አልሄደም። ጭቃው የት ይደፋል? ደግሞ ሜቲሊን ብሉ ሳይፈርስም ሊደበቅ ይችላል። ግሉኮስና ኮስቲክ ሶዳ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ቀስ በቀስ ቀለም አልባ ይሆናል። ጠርሙሱን ነቅነቅ ስታደርጉት ኦክስጅን ይገባና ሰማያዊው ተመልሶ ከች ይላል። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የምር ቀለምን ይሰባብራል፤ ግን አልትራቫዮሌት ብርሃን ይፈልጋል፣ ድፍርስ ውሃ ውስጥ ደግሞ ብርሃን ሩቅ አይሄድም። ያኔም ቢሆን ቀለሙ ቀድሞ ይጠፋል፤ ስብርባሪው ይቆያል።

«ጨው ለውጥ አያመጣም።» ያመጣል። ጨርቅ በሪአክቲቭ ሲነከር ብዙ ጨው ይገባል፤ ጨው ደግሞ ናኖዎቹን ያጓጉላቸዋል። ሲጓጎሉ ቀለም የሚይዙበት ገጽ ይቀንሳል። ቀይ የነበረ የወርቅ ናኖ ውሃ ጨው ሲነካው ወደ ሰማያዊ ሲዞር ይህንኑ በዓይን ታያላችሁ።

«ሥራው ሲያልቅ ናኖው በጨርቅ ይጠለላል።» ነጠላ አራት ጊዜ ቢታጠፍም ያልተጓጎለ ናኖ ሾልኮ ያልፋል። አንዳንዶቹ ማግኔት ከሚስበው የብረት ማዕድን፣ ከማግኔታይት፣ የሚሠሩት ለዚህ ነው፤ ሥራቸውን ሲጨርሱ በማግኔት ይለቀማሉ።