ክላውድ ጌሚንግ ምንድን ነው? ከባሕር ዳር ሆኖ በደካማ ላፕቶፕ መጫወት

ክላውድ ጌሚንግ የሚባለው ጌሙ ሌላ ቦታ ባለ ጠንካራ ኮምፒውተር ላይ እየሠራ፣ ምስሉና ድምፁ ብቻ በኢንተርኔት ሲደርሳችሁ ነው። ቁልፍ ስትጫኑ ትእዛዙ ወደዚያ ይሄዳል፤ ግራፊክስ ካርዱ ምስሉን ሠርቶ፣ ወደ ቪዲዮ ጨምቆ ይልከዋል። የእናንተ ላፕቶፕ ሥራ ቪዲዮውን ፈትቶ ማሳየት ብቻ ነው። ዩቲዩብን ሳይቆራረጥ የሚያሳይ አሮጌ ላፕቶፕ ለዚህ አያንስም።

ዩቲዩብ ግን ቀጣዩን ደቂቃ ቀድሞ አውርዶ ይጠብቃል። ጌም ይህን ማድረግ አይችልም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ምስል የሚወስነው ጣታችሁ ነውና። ፈጣን ኮኔክሽን እያለ ጌሙ የሚጎተተው ለዚህ ነው። ከፍጥነቱ ይልቅ የሚያስጨንቀው መዘግየቱ፣ ማለትም ፒንጉ ነው።

ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ ርቀቱ በ100 ኪሎ ሜትር በጨመረ ቁጥር ደርሶ መልሱ 1 ሚሊሰከንድ ይጨምራል። ከጣና ዳር እስከ ፍራንክፈርት በአየር 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ገመዱ ቀጥ ብሎ ቢሄድ እንኳ 50 ሚሊሰከንድ አይቀርም። ቀጥ ብሎም አይሄድም። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት መስመሩ መጀመሪያ በጎረቤት አገር፣ ለምሳሌ በጅቡቲ በኩል፣ ባሕር ላይ መድረስ አለበት፤ ከዚያ በቀይ ባሕርና በሜዲትራኒያን ይዞራል። በተግባር ከ100 በላይ ጠብቁ። ጂፎርስ ናው የሚባለው የኤንቪዲያ የክላውድ ጌሚንግ አገልግሎት ደግሞ እስከ ሰርቨሩ (ጌሙ የሚሠራበት ኮምፒውተር) ከ80 ሚሊሰከንድ በታች ይጠይቃል፣ ከ40 በታች ቢሆን ይመርጣል። ይህን ልዩነት ምንም ያህል ውድ ፓኬጅ ብትገዙ አታጠቡትም። ተራ እየጠበቁ የሚጫወቷቸው የስትራቴጂ ጌሞች ይሄዳሉ፤ ኳስና ተኩስ ግን ትርፉ ብስጭት ነው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አገልግሎቱ ኢትዮጵያን በአገሮች ዝርዝሩ ውስጥ ማካተቱንም አረጋግጡ።

ዳታውንም አስሉ። ጂፎርስ ናው ለ720ፒ የምስል ጥራት በ60 ፍሬም (በሰከንድ 60 ምስል) 15 ሜጋቢት፣ ለ1080ፒ 25 ሜጋቢት በሰከንድ ይፈልጋል። 15 ሜጋቢት ሙሉ ሰዓት ከፈሰሰ 6.75 ጊጋባይት ነው፤ 25ቱ ከ11 ጊጋባይት በላይ። በሞባይል ፓኬጅ ይህ የሚሞከር አይደለም።

ለባሕር ዳር ተጫዋች በጣም የሚያዋጣው የዚሁ ቴክኖሎጂ ቅርብ ዘመድ ነው፦ ግራፊክስ ካርድ ካለው የቤት ኮምፒውተር ወደ ደካማው ላፕቶፕ ወይም ስልክ በራስ ዋይፋይ መላክ። ምስሉ ከቤት ስለማይወጣ ከኢንተርኔት ፓኬጃችሁ አንድ ሜጋባይት አይቆረጥም። በጠንካራው ኮምፒውተር ላይ ምስሉን የሚልከው ፕሮግራም ሰንሻይን፣ በደካማው ላይ የሚቀበለው ሙንላይት ይጫናል፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ሰንሻይን ሲከፈት ብራውዘር ላይ በፖርት 47990 መቆጣጠሪያ ገጹ ይመጣል፤ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል አውጡለት። ከዚያ ሙንላይት ኮምፒውተሩን ያገኘዋል፤ ስትነኩት ባለ 4 አሃዝ ፒን ያወጣል፣ ያንን ሰንሻይን ገጽ ላይ አስገቡ። በ720ፒ፣ በ60 ፍሬምና በ10 ሜጋቢት ጀምሩ። ጥሩ ከሄደ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ።

ሲንተፋተፍ በግምት አትነካኩ። ላፕቶፑ ላይ ኮንትሮል፣ አልት፣ ሺፍትና ኤስን አንድ ላይ ስትጫኑ ቁጥሮች ጥግ ላይ ይወጣሉ። በ60 ፍሬም አንድ ምስል ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ስለሆነ፣ የዲኮድ (ቪዲዮውን የመፍታት) ጊዜው ወደዚያ ከተጠጋ ላፕቶፑ ቪዲዮውን የሚፈታው በፕሮሰሰሩ ጉልበት ነው ማለት ነው፤ ሴቲንግ ውስጥ የሃርድዌር ዲኮዲንግን አብሩ፣ ኮዴኩን (ቪዲዮው የሚጨመቅበትን ዘዴ) ወደ ኤች 264 መልሱ። ዲኮዱ 4 ወይም 5 ሆኖ በኔትወርክ የጠፉ ፍሬሞች ቁጥር ከፍ ካለ ግን ጥፋቱ የዋይፋዩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሁለቱም ኮምፒውተሮች በዋይፋይ መሆናቸው ነው፤ እያንዳንዱ ምስል አየሩን ሁለት ጊዜ ይይዛል። ጠንካራውን በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኙት፤ ከሁሉም ማስተካከያ የሚበልጠው ይህ ገመድ ነው። ላፕቶፑን ደግሞ በ5 ጊጋኸርዝ አስገቡት፤ ጎረቤቱ ሁሉ ያለው 2.4 ላይ ነው።

ሙንላይት ኮምፒውተሩን ጨርሶ ካላየው፣ ዊንዶውስ ኔትወርኩን ፐብሊክ ብሎ መዝግቦት ይሆናል፤ ወደ ፕራይቬት ቀይሩት። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ወይም ፖሊ ግቢ ዶርም ውስጥ፣ ወይም ሐይቁ ዳር ሆቴል ዋይፋይ ላይ ከሆናችሁ መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የራሳችሁን ራውተር ማምጣት ነው። ሞኒተሩ ሲጠፋ ጥቁር ምስል ከመጣ ኤችዲኤምአይ ቀዳዳው ላይ የምትሰካ ትንሽ አስመሳይ መሰኪያ ትፈታዋለች። መብራት ሲሄድ የላፕቶፑ ባትሪ አይጠቅማችሁም፤ ጌሙ ያለው ከወዲያ ነውና ዩፒኤሱ ለዴስክቶፑና ለራውተሩ ይሁን።

ቤት ያለውን ኮምፒውተር ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ለምሳሌ ሽምብጥ ያለውን ከአባይ ማዶ ለመጫወት፣ ሁለቱም ላይ ቴይልስኬል ጫኑ፤ የተራራቁ መሣሪያዎችን በኢንተርኔት በኩል እንደ አንድ ኔትወርክ የሚያገናኝ ፕሮግራም ነው። የሞባይል ኔትወርክ አንድ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ ስለሚያጋራ ራውተር ላይ ፖርት መክፈት አይሠራም፤ ቴይልስኬል ግን አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ያገኛል። ቀጥተኛ መንገድ ካጣ ግን ትራፊኩን ውጭ አገር ባለ ማስተላለፊያ ያዞረዋል፤ ፒንጉ በድንገት ዘልሎ ከ100 ካለፈ መጀመሪያ ይህንን ጠርጥሩ።