«የጫማቸውን ማሰሪያ ሲፈቱ ላይ ብዬ ነው»

«ወደ መጊዱ የሄድኩት ኦሪት እንዲያስተምሩኝ አይደለም፤ የጫማቸውን ማሰሪያ እንዴት እንደሚፈቱና መልሰው እንዴት እንደሚያስሩ ላይ ብዬ ነው።»

ይህ የሐሲድ አይሁዶች፣ ማለትም ከልብ የሚደረግ ጸሎትን አጥብቆ የያዘ የአይሁድ መንፈሳዊ እንቅስቃሴ ተከታዮች፣ አባባል ነው። የተናገሩት ረቢ ሌብ ሳራስ ናቸው ይባላል፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በምሥራቅ አውሮፓ ከአገር አገር ሲዞሩ የኖሩ፣ በእናታቸው በሳራ ስም የሚጠሩ ሰው። መጊድ ማለት ሰባኪ ሲሆን፣ እዚህ ላይ የተባሉት በዛሬዋ ዩክሬን ሜዝሪች በምትባል ከተማ ይኖሩ የነበሩት ረቢ ዶቭ ቤር ናቸው። የሐሲዶች እንቅስቃሴ መሥራች ባዓል ሼም ቶቭ እ.ኤ.አ. በ1760 ሲያርፉ አመራሩን የወረሱት እሳቸው ነበሩ።

አባባሉን ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ምሁርን ጎሸም ለማድረግ ነው፤ መጽሐፍ ቢያገላብጡት ምን ሊፈይድ፣ ዋናው ልብ ነው ለማለት። ይህ አፈታት ለእኔ አይዋጥልኝም። ለምን ጫማ ተመረጠ? የአይሁድ ሕግ ጫማ ማድረግን እንኳ ያለ ሥርዓት አልተወውም። መነሻው የጥንት ረቢዎች ትምህርትና ክርክር ከተሰበሰበበት ከታልሙድ ነው፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ረቢ ዮሴፍ ካሮ ባዘጋጁት «ሹልሓን ዓሩክ» በተባለው የሕግ መጽሐፍም ተደንግጓል። መጀመሪያ ቀኝ ጫማ ይጠለቃል፣ ግን አይታሰርም። ቀጥሎ ግራው ይጠለቅና ይታሰራል። ከዚያ ወደ ቀኙ ተመልሶ እሱ ይታሰራል። ቀኝ በክብር ይቀድማል፤ ነገር ግን በጸሎት ጊዜ የሚታሰረው ቴፊሊን (የኦሪት ቃል የተጻፈበትን ብራና የያዘ ባለ ጠፍር የቆዳ ሳጥን) በግራ ክንድ ላይ ስለሚጠመጠም፣ ነገሩ ማሰር ላይ ሲደርስ ቅድሚያው ለግራ ይሆናል። ሲወልቅም የሚቀድመው ግራው ነው።

ይህን ያልተማረ ሰው መጊዱ ጫማቸውን ሲያስሩ ቀኑን ሙሉ ቢመለከት የሚያየው ያጎነበሱ ሽማግሌ ብቻ ነው። ሌብ ሳራስ ሕጉን አጥተውት አልሄዱም። ያውም መጊዱ እግራቸውን ይታመሙ ነበር ይባላል፤ ጫማ ማሰር ለእሳቸው ቀላል ሥራ አልነበረም። እንግዳው ማየት የፈለጉት፣ ማንም በጥድፊያ የሚያልፈውን ነገር አንድ ሰው ሕጉን ሳይለቅ፣ እንደ ጸሎት ሲያደርገው ነው። እንዲህ ያለውን ማየት የሚችል ደግሞ የተማረ ነው።

ሐሳቡ ራሱ ከሐሲዶች በፊት የቆየ ነው። ታልሙድ «ሊቅን ማገልገል ከሊቅ ከመማር ይበልጣል» ይልና ማስረጃውን ከመጽሐፈ ነገሥት ያመጣል፤ ስለ ኤልሳዕ ሲጠየቅ «በኤልያስ እጅ ላይ ውኃ ያፈስስ የነበረ» ተባለ እንጂ ከኤልያስ የተማረ አልተባለም። የኔታን እጅ ያስታጠበ የአብነት ተማሪ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። እዚያው ታልሙድ ውስጥ ረቢ አቂባ መምህራቸውን ረቢ ኢያሱን እስከ መጸዳጃ ቤት ተከትለው ገብተው ሦስት ነገር እንደተማሩ ይነገራል። «እንዴት እንዲህ ትደፍራለህ?» ሲባሉ፣ «ይህም ኦሪት ነው፤ መማር አለብኝ» ብለው መለሱ።

ዶቭ ቤር ራሳቸው የታልሙድ ሊቅ ነበሩ፤ ወደ ባዓል ሼም ቶቭ የመጡትም በጾም ብዛት ሰውነታቸው ተጎድቶ ነው ይባላል። ሐሲዶች ሲተርኩት፣ ሊቁ ጥልቅ ምሥጢር እሰማለሁ ብለው ሲጠብቁ ባዓል ሼም ቶቭ የመንገድ ወሬ አወሩላቸው። አንድ ቀን መንገድ ላይ ሳለሁ ለባለ ጋሪው የማበላው እንጀራ አልቆብኝ ነበር፤ በማግስቱ ደግሞ ለፈረሶቹ ድርቆሽ አልቆብኝ ነበር፤ ይኸው ነው። ዶቭ ቤር ጊዜዬን አባከንኩ ብለው ለመመለስ ጓዛቸውን ሲሸክፉ፣ በእኩለ ሌሊት ተጠሩ። ባዓል ሼም ቶቭ የካባላ፣ ማለትም የአይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት፣ መጽሐፍ ዘርግተው የአንድ ክፍል ትርጓሜ ጠየቋቸው። ሊቁ አብራሩ። «ምንም አታውቅም» ተባሉ። ቢያዩት ቢያዩት ከዚያ የተለየ ትርጉም የለውም። ያን ጊዜ ባዓል ሼም ቶቭ ቆመው ማንበብ ጀመሩ፤ በክፍሉ የተጠቀሱትን የመላእክት ስም ሲጠሩ ቤቱ በብርሃንና በእሳት ተሞላ። «ትርጓሜህስ ልክ ነበር፤ ነፍስ ግን የለውም» አሏቸው።

እንግዲህ ትርጓሜው ልክ ነበር ተብሏል። የሐሲዶች ትረካ እንኳ ሊቁን አላዋቂ አላደረጋቸውም።

ከመጊዱ ደቀ መዛሙርት ረቢ ሽኔኦር ዛልማንም በወጣትነታቸው ወዴት ልሂድ ብለው ሲያመነቱ፣ መማር በዛሬዋ ሊቱዌኒያ በምትገኘው በቪልና፣ መጸለይ በሜዝሪች መሆኑን ሰምተው፣ «መማሩንስ ትንሽ አውቃለሁ፣ መጸለይ ነው የማላውቀው» ብለው ሜዝሪችን መረጡ ይባላል። የቪልናው ሊቅ ረቢ ኤልያስ፣ ጋኦን የሚባሉት፣ የሐሲዶች ብርቱ ተቃዋሚ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1772 ቪልና ሐሲዶችን ስታወግዝ ከውግዘቱ ጀርባ የእሳቸው ሥልጣን ነበር። ሽኔኦር ዛልማን ከባልደረባቸው ከሜናሔም ሜንዴል ጋር ሆነው ሊያነጋግሯቸው ቢሄዱ፣ በሩን ሁለት ጊዜ ዘጉባቸው። ተቃውሞው ባዶ ምቀኝነት አልነበረም። ሰው የመምህሩን ጫማ ማየት ሲጀምር መጽሐፉን ይዘጋል የሚለው ስጋት ዛሬም መልስ ይፈልጋል።

ሌላም ሰው ሜዝሪችን በዓይኑ አይቶ ጽፏል። ሰሎሞን ማይሞን ከሊቱዌኒያ የመጣ ወጣት የታልሙድ ሊቅ ነበር። በሰንበት ማዕድ ላይ መጊዱ ነጭ ሐር ለብሰው ወጡ፤ ጫማቸውና የሱረት ዕቃቸው ሳይቀር ነጭ ነበር። አዲስ የመጡትን እንግዶች አንድ በአንድ በስምና በአገር እየጠሩ ጥቅስ እንዲሰጧቸው አደረጉ፤ ከዚያ የማይገናኙትን ጥቅሶች ሁሉ በአንድ ስብከት አያያዟቸው። የሚገርመው፣ እያንዳንዱ እንግዳ በራሱ ጥቅስ ላይ የተነገረው ስለ እሱ የልብ ጉዳይ መሰለው። ማይሞንም መጀመሪያ ተደነቀ። ኋላ ግን ይህ ሁሉ የሚሆነው በደብዳቤ፣ በሰላይና የሰውን ፊት በማንበብ ነው ብሎ ጥሏቸው ሄደ። በርሊን ገብቶ ፈላስፋ ሆነ፤ ታላቁ ጀርመናዊ ፈላስፋ ካንትም ለማርኩስ ሄርዝ በላከው ደብዳቤ፣ ከተቃዋሚዎቼ መካከል እንደ ማይሞን የተረዳኝ የለም ብሎ ጻፈ።

ማይሞን መጊዱን ያየው ማዕድ ላይ፣ ሕዝብ ፊት፣ ለሰንበት ለብሰው ነው። አባባሉ የሚያወራው ግን ስለ ሌላ ሰዓት ነው፤ ጫማ ስለሚወልቅበት።