ሰርቨር አጫጫን በወሎ

የሰርቨር ሶፍትዌር ማለት ከሌላ ኮምፒውተር ለሚመጣ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። መረጃ የሚመዘግብ አንድ ድረ ገጽ እንዲሠራ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገሮች መስማማት አለባቸው፦ ገጹን የሚያቀብለው የድር ሰርቨር፣ መረጃውን የሚይዘው ዳታቤዝ፣ በሁለቱ መካከል የሚያመላልሰው የፕሮግራም ቋንቋ። እነዚህን አግኝቶ፣ አስማምቶ ማስነሳት በሙያው ቋንቋ «መጫን» ይባላል። ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ ተቀምጦ ፕሮግራም መጻፍ የሚጀምር ሰው ከኮዱ በፊት የሚጋፈጠው ይህንኑ ነው። ከጀማሪ አፍ የሚሰማው የመጀመሪያ ጥያቄም «ለምን አልነሳልኝም?» የሚል ነው።

ጭነቱ ድሮ ለብርቱ ሰው ብቻ የተተወ ነበር። አፓቼ የተባለው የድር ሰርቨር፣ ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝና ፒኤችፒ የተባለው ቋንቋ ሦስቱም ብቅ ያሉት በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ ላይ ሊጠቀምባቸው የፈለገ ሰው የእያንዳንዱን ምንጭ ኮድ አምጥቶ በራሱ ማሽን ላይ ያጠናቅር፣ ማለትም ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም ይለውጥ ነበር። አንድ ፋይል ጎደለ ይባላል፤ ፍለጋ ይወጣል፤ ፋይሉ ሲገኝ ደግሞ ሌላ ይጠይቃል፤ እንዲህ እየተባለ ይነጋል። በ1998 እ.ኤ.አ. ሚካኤል ኩንዝ የተባለ ጸሐፊ በአንድ የጀርመን የኮምፒውተር መጽሔት ላይ ሦስቱን እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን ከሚያስኬደው ከሊኑክስ ጋር አጣምሮ የስማቸውን መነሻ ፊደላት ገጠመና «ላምፕ» አላቸው። በ2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ እዚያው ጀርመን አፓቼ ፍሬንድስ የተባለ ቡድን ተቋቁሞ ዛምፕ የተባለውን ጥቅል አወጣ።

የዛምፕ ብልኃት ሁሉንም በአንድ ፋይል ጠቅልሎ፣ ቀድሞ አስማምቶ ማቅረቡ ነው። ፋይሉ 150 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ በማንኛውም ፍላሽ ይያዛል፤ ሲጫን ደግሞ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ለወሎ የተመቸው በዚህ ነው። ከአንድ የዶርም ክፍል ወደ ሌላው፣ ከኮምቦልቻው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ወደ ደሴ፣ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይደርሳል። «ዛምፕ አለህ?» የሚል ተማሪ ያለቀለት ነገር ነው የሚጠይቀው። «ቀጥል» የሚለውን ደጋግሞ ይጫናል፤ ኮዱን ኤችቲዶክስ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል፤ በመቆጣጠሪያው መስኮት ላይ ሁለት ቁልፎችን ይነካል፤ የአፓቼና የማይኤስኪውኤል ስሞች አረንጓዴ ይሆናሉ። ብዙው የመመረቂያ ፕሮጀክት ከዚህ አረንጓዴ ላይ ነው የሚነሳው። (በነገራችን ላይ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዛምፕ ውስጥ ያለው ዳታቤዝ ማሪያዲቢ ነው። ማሪያዲቢ ከማይኤስኪውኤል ተገንጥሎ የወጣ ሲሆን የመስኮቱ ስም ግን እስካሁን አልተቀየረም።)

ችግሩ መብራት ሲሄድ ይመጣል። ዳታቤዙ በመጻፍ ላይ ሳለ ኃይል ቢቋረጥ፣ በተለይ ባትሪ በሌለው የጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ፣ በማግስቱ ስሙ አረንጓዴ ሊሆን ይልና መልሶ ይጠፋል፤ ከታች በቀይ «ማይኤስኪውኤል ሳይታሰብ ተዘጋ» የሚል ጽሑፍ ይወርዳል። ጀማሪው ዛምፕን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል፤ የሦስት ወር መረጃው አብሮ ይጠፋል። የለመደ ሰው እንዲህ ያደርጋል፦ በማይኤስኪውኤል ፎልደር ውስጥ «ዳታ» የሚባለውን ስሙን ቀይሮ ያቆየዋል እንጂ አይሰርዘውም፤ «ባክአፕ» የሚባለውን ገልብጦ «ዳታ» ብሎ ይሰይመዋል፤ ከዚያ የራሱን የዳታቤዝ ፎልደሮችና «አይቢዳታ1» የምትባለውን አንዲት ፋይል ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይመልሳል። ይህችን ፋይል የረሳ ሰው የሠንጠረዦቹን ስም እንጂ ውስጣቸውን አያገኝም። ይህ ጥገና በሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ሲሰጥ አላየሁም፤ ከታላቅ ተማሪ ወደ ታናሽ በቃል ነው የሚተላለፈው።

የፖርት 80፣ ማለትም የድር ሰርቨሩ ጥያቄ የሚቀበልበት ባለ ቁጥር በር፣ ጣጣ ከዚህ ይቀላል። ሌላ ፕሮግራም፣ አንዳንዴም ዊንዶውስ ራሱ፣ ቀድሞ በሩን ይይዘውና አፓቼ አልነሳም ይላል። በማስተካከያው ፋይል ውስጥ 80 የሚለውን 8080 ማድረግ፣ አድራሻው ላይም ይህንኑ ቁጥር መጨመር ይበቃል።

ለአማርኛ ተጠቃሚ የባሰው ፊደሉ ነው። አንድ ጊዜ ለአንድ መሥሪያ ቤት መመዝገቢያ ሠርቼ ስሞችን ማስገባት ጀመርኩ። መዝግቤ ስከፍተው ከድጃ ሦስት፣ እንድሪስ አምስት የጥያቄ ምልክት ሆነው ጠበቁኝ። ፊደላቸው በቁጥር ልክ ነበር፤ አንዱም ግን አልተረፈም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በሦስተኛው እትም ሲሆን፣ መዝገቡ በኮምፒውተር ውስጥ በሚጻፍበት በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ማይኤስኪውኤል ግን እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ስምንተኛ እትሙ ድረስ ካልተነገረው በቀር ዳታቤዙን የሚከፍተው ላቲን-1 በሚባለው የምዕራብ አውሮፓ ፊደል መዝገብ ነበር። በዚያ መዝገብ ውስጥ «ከ» የምትባል ፊደል የለችም፤ ስለዚህ በምትኳ የጥያቄ ምልክት ይቀመጣል፤ ከተቀመጠ በኋላም ዋናው ፊደል መመለሻ የለውም። መድኃኒቱ ዳታቤዙ ሲፈጠር ዩቲኤፍ-8ን መምረጥ፣ የግንኙነት መስመሩንም እንዲሁ ማድረግ ነው። ሥራው የሁለት መስመር ነው፤ ግን «ቀላል ጭነት» የሚባለው ነገር ለማን ታስቦ እንደቀለለ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ወደ ሊኑክስ የተሻገረ ሰው ሌላ ዓይነት ቅለት ያገኛል። ዴቢያን ከሚባለው የሊኑክስ ቤተሰብ የመጣው አፕት የተባለ የመጫኛ መሣሪያ፣ በአንድ መስመር ትዕዛዝ የተፈለገውን ፓኬጅ (የታሸገ ፕሮግራም) ከእነ ተከታዮቹ ፈልጎ፣ አውርዶ፣ በየቦታው ያስቀምጣል። ያ ሁሉ የጎደለ ፋይል ፍለጋ ቀረ። ነገር ግን ሸክሙ ጨርሶ አልተራገፈም፤ ከሰውየው ትከሻ ወርዶ መስመሩ ላይ ተጫነ። አፕት ኢንተርኔት እንዳለ ቆጥሮ ነው የሚነሳው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ዩኒቨርሲቲውን ጨምሮ ብዙ ተቋማት ተዘረፉ፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት አልተመለሰም። በዚያን ጊዜ ትዕዛዙን የጻፈ ሰው ያገኘው መልስ «አድራሻው አልተገኘም» የሚል ብቻ ነበር።

ብልሆቹ ግን መውጫ አላጡም። «አፕት-ጌት» የሚለው የቆየው ትዕዛዝ ያወረዳቸውን ፓኬጆች በአንድ ጓዳ ውስጥ ያስቀራቸዋል፤ አዲሱ «አፕት» ደግሞ ጭኖ እንደጨረሰ ይደመስሳቸዋል። ስለዚህ መስመር ያለበት ቦታ ተሂዶ በአሮጌው ትዕዛዝ ይወረዳል፤ ጓዳው ወደ ፍላሽ ይገለበጣል፤ ተመሳሳይ እትም ባለው ሌላ ማሽን ላይ ያለ ኢንተርኔት ይጫናል። እትሙ ካልገጠመ ግን ድካሙ ከንቱ ነው።

አሁን ወደ ኮንቴይነር እንምጣ። ወሎ ውስጥ ኮንቴይነር ሲባል ሰው የሚያስበው የኮምቦልቻን ደረቅ ወደብ፣ ወይም በመንገድ ዳር በር ተቆርጦለት ሱቅ የሆነውን ብረት ነው። ጅቡቲ ላይ የተጫነው ሳጥን ኮምቦልቻ እስኪወርድ ድረስ ውስጡ ጫማ ይሁን ማሽን ለክሬኑም ለመኪናውም ልዩነት የለውም፤ ማዕዘኖቹ ከገጠሙለት ያነሳዋል። ፕሮግራምን በእንዲህ ያለ ሳጥን አሽጎ የሚያስኬደው ዶከር የተባለ ሶፍትዌር በ2013 እ.ኤ.አ. በሰለሞን ሃይክስ ለሕዝብ ሲቀርብ ይዞት የመጣው ሐሳብ ይኸው ነው፤ ስሙም የወደብ ጫኝና አውራጅ ማለት ነው። ፕሮግራሙ የሚፈልገው ነገር ሁሉ፣ የፒኤችፒው እትም፣ የፊደሉ ምርጫ፣ የሰዓት ቀጠናው ሳይቀር፣ አብሮት ታሽጎ ይጓዛል። የድር ሰርቨሩንና ዳታቤዙን በአንድ አጭር ፋይል ጽፎ ሁለቱንም በአንድ ትዕዛዝ ማስነሳት ይቻላል። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው የቡድን ጠብ የሚበርደውም በዚህ ነው።

ዶከርም በነባሪው ሳጥኑን የሚያመጣው ከኢንተርኔት ነው። ሳጥኑ በንብርብር የተሠራ ነው፤ መስመሩ ቢቋረጥ የወረዱት ንብርብሮች ይቆያሉ፣ በግማሽ የቀረው ግን ብዙ ጊዜ ከዜሮ ይጀምራል። እዚህ ላይ ነው ሁለት እምብዛም የማይወሩላቸው ትዕዛዞች ዋጋ የሚያወጡት፤ «ሴቭ» ሳጥኑን ወደ አንድ ተራ ፋይል ይለውጠዋል፣ «ሎድ» በሌላው ማሽን ላይ መልሶ ያራግፈዋል። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ያወረደውን ሃያ ሰው ያለ ኢንተርኔት ይጠቀምበታል። ለእኔ የዶከር ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ የውጭ አስተማሪዎች ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። እንከኑ ደግሞ ላፕቶፑን ማስጨነቁ ነው፦ በዊንዶውስ ላይ ከሥሩ ሊኑክስ ማስነሳት ስላለበት፣ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ዶከርን ከፍቶ ሌላ ነገር ሲጠየቅ ያቃስታል። ለእንዲህ ያለው ማሽን ዛምፕ አሁንም ይሻላል።

ቅለት የሚያስከፍለውም አለ። ዛምፕ ሲጫን የዳታቤዙ ዋና ተጠቃሚ የይለፍ ቃል የለውም፤ አዘጋጆቹም ለመማሪያና ለመሞከሪያ እንጂ ለሕዝብ አገልግሎት እንዳልተሠራ ይናገራሉ። ሆኖም ተመራቂው ሥራ ሲይዝ የሚያውቀውን ያንኑ አረንጓዴ መስኮት ቢሮው ኮምፒውተር ላይ ይዘረጋል፤ ቢሮው ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ የሰው ስምና ስልክ ቁጥር ያለ ቁልፍ ይቀመጣል። ከማይታወቅ ገጽ አንድ መስመር ገልብጦ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማስኬድም ዘመን አመጣሽ ልማድ ነው፤ የማያውቁትን ሰው ቤት ገብቶ ዕቃ እንዲያስተካክል ቁልፍ እንደ መስጠት ነው።

ኮምቦልቻ ያለ አንድ የማውቀው ፕሮግራመር ቁልፍ መያዣው ላይ 64 ጊጋባይት ፍላሽ አንጠልጥሎ ይዞራል። በውስጡ የዛምፕ ፋይል፣ ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ዲስክ ከእነ ፓኬጅ ጓዳው፣ ወደ ተራ ፋይል የተለወጡ አራት የዶከር ሳጥኖች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በአማርኛ የተጻፈች አንዲት የጽሑፍ ፋይል አሉ። የመጀመሪያው መስመሯ «መጀመሪያ ዳታ ፎልደሩን ገልብጥ፤ ከዚያ በኋላ የፈለግኸውን ንካ» ይላል።