የልብ ሕመም፣ እንቅስቃሴና ኦክሲዳቲቭ ስትረስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«እንቅስቃሴ ፍሪ ራዲካል ስለሚያበዛ የታመመ ልብን ይጎዳል»

ግማሹ እውነት ነው። ጡንቻ ሲሠራ ሴልን ሊጎዱ የሚችሉት ፍሪ ራዲካሎች ለጊዜው ይበዛሉ። ሰውነት ግን ይህን እንደ ማንቂያ ወስዶ እነሱን የሚያጠፉ ኢንዛይሞቹን ያጠናክራል። በጀርመን፣ ላይፕዚግ፣ የልብ ድካም ያለባቸው ሰዎች ለ6 ወር ሠልጥነው የእግር ጡንቻቸው ሲመረመር የእነዚህ ኢንዛይሞች ሥራ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ጉዳቱ ያለው ዕለት ተዕለት ሳያቋርጥ በሚቆየው ኦክሲዳቲቭ ስትረስ (ፍሪ ራዲካሎች ሰውነት ከሚያጠፋቸው በላይ ሲበዙ) ላይ ነው፤ እሱን ደግሞ ቁጭ ብሎ መዋል ያባብሰዋል እንጂ አይቀንሰውም።

«እንግዲያው ቫይታሚን ሲና ኢ ቢጨመርበት ይሻላል»

የሚሻል ይመስላል፤ ነገር ግን ማንቂያውን ማፈን ይሆናል። በ2009 በወጣ ጥናት፣ በቀን 1000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲና 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ እየወሰዱ የሠለጠኑ ጤናማ ወጣቶች፣ እንቅስቃሴው ለኢንሱሊን ሥራ የሚሰጠውን ጥቅም አላገኙም። ቫይታሚን ኢ ብቻውን ለልብ ያለው ጥቅምም 9,500 ገደማ ሰዎች በተሳተፉበትና በ2000 ውጤቱ በወጣው ሆፕ ጥናት ተፈትሾ አልታየም። ብርቱካንና ጎመን ግን ይበሉ፤ ነገሩ ስለ ክኒን ነው።

«በእንቅስቃሴ ጊዜ የሚፈለገው የልብ ምት ልክ ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሶ ይሰላል»

አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል ወይም ካርቬዲሎል ለሚወስድ ሰው ይህ ስሌት አይሠራም፤ መድኃኒቱ ምቱን ስለሚይዘው ቁጥሩ ላይ ለመድረስ ሲታገል ከአቅሙ በላይ ይሄዳል። ሰው የሚሰማውን ድካም ራሱ በቁጥር በሚገምትበት፣ ከ6 እስከ 20 በሚሄደው የቦርግ ልኬት ከ11 እስከ 13 ያለው ድካም ለብዙዎች ይበቃል፦ እየተራመዱ ማውራት ይቻላል፣ መዝፈን ግን ያቅታል። 10 ደቂቃ በዝግታ፣ 20 ደቂቃ በዚህ ልክ፣ ከዚያ 10 ደቂቃ እያቀዘቀዙ። ድንገት ቢቆሙ ደም እግር ላይ ይቀርና ግፊት ይወርዳል፤ ብዙዎች የሚያዞራቸው እዚህ ላይ ነው። ዕቃ ሲያነሡ ትንፋሽ አይያዝ።

«የልብ ሕመም ሁሉ አንድ ነው»

አይደለም። በአገራችን ወጣቶች ላይ የሚበዛው የሩማቲክ የልብ ሕመም (የጉሮሮ ሕመምን ተከትሎ የሚመጣ የቫልቭ ጉዳት) ብዙ ጊዜ በልብ የግራ ክፍሎች መካከል ያለውን ሚትራል ቫልቭ ያጠባል። ምቱ ሲፈጥን ደም በጠባቡ ቫልቭ የሚያልፍበት ጊዜ ስለሚያጥር ሳንባ ላይ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ የልብ አልትራሳውንድ ሳይታይ እንቅስቃሴ መጀመር አይገባም። የልብ ድካም ያለበት ሰው በ3 ቀን ውስጥ ክብደቱ 2 ኪሎ ከጨመረ፣ ወይም ሌሊት ጋደም ሲል ትንፋሽ ካጠረው፣ ሥልጠናውን ትቶ ሐኪሙ ጋ ይሂድ። ደረት ላይ ጭምደዳ ከተሰማ ወዲያው መቀመጥ፣ ከምላስ ሥር የሚደረገው ክኒን ታዞ ከሆነ መውሰድ፣ በ5 ደቂቃ ካልተሻለ ደግሞ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።