ኢአርፒ የድርጅታችሁን መዋቅር እንዴት ያየዋል? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አንድ ድርጅት ኢአርፒ (ሒሳብን፣ ግዥንና ክምችትን በአንድ ላይ የሚያያይዝ ሶፍትዌር) ላስገባ ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ የሚቀርበው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የመዋቅር ሰንጠረዥ ነው። በየስብሰባው የምሰማቸውን ግምቶች ላንሳ። ምሳሌዬ ከኢአርፒ ሶፍትዌሮች አንዱ የሆነው ኤስኤፒ ነው፣ ውሎዬ ከሱ ጋር ስለሆነ።

«ሰንጠረዡን እንዳለ አስገቡት»

አይሆንም። ሰንጠረዡ የሚያሳየው ማን የማን አለቃ እንደሆነ ነው። ሲስተሙ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ሒሳቡ የሚዘጋው በማን ስም ነው? ዕቃው የት ተቀምጧል? ወጪውን ማን ይሸከማል? ስለዚህ «ግዥና ንብረት» የሚለው አንድ ሳጥን ሦስት ቦታ ይገባል። ገዢው ፐርቼዚንግ ኦርጋናይዜሽን (የግዥ አካል) ይሆናል፣ መጋዘኑ ስቶሬጅ ሎኬሽን (የዕቃ ማስቀመጫ)፣ የክፍሉ ደመወዝና የጽሕፈት መሣሪያ ወጪ ደግሞ ኮስት ሴንተር (የወጪ ማዕከል) ላይ ያርፋል።

«ለየቅርንጫፉ የራሱ ካምፓኒ ኮድ ይከፈት»

በጣም የሚያስከፍለው ስህተት ይሄ ነው። ካምፓኒ ኮድ ለብቻው የተሟላ ሒሳብ የሚወጣለት ትንሹ አሃድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሕግ ራሱን ከቻለ ድርጅት ጋር ይገጥማል፤ ቅርንጫፍ ደግሞ ራሱን የቻለ ድርጅት አይደለም።

ከቃሊቲ ወደ ሐዋሳ 500 ከረጢት ሲሚንቶ ላካችሁ እንበል። ሁለቱም በአንድ ካምፓኒ ኮድ ሥር ከሆኑ ዕቃ ማዘዋወር ነው፣ አለቀ። ለየብቻ ከከፈታችሁላቸው ግን ቃሊቲ ሸጠ፣ ሐዋሳ ገዛ ይባላል፤ ኢንቮይስ ይቆረጣል፣ ተሰብሳቢና ተከፋይ ይከፈታል፣ ወር በተዘጋ ቁጥር ደግሞ ሒሳብ ሠራተኛዋ ሁለቱን ለማስታረቅ ታመሻለች። የገዛ ዕቃችሁን ለራሳችሁ ስለሸጣችሁ!

«ፕላንት ማለት ፋብሪካ ነው»

ስሙ ነው የሚያሳስተው። በኤስኤፒ ፕላንት ማለት ዕቃ የሚቀመጥበት ወይም ሥራ የሚሠራበት ቦታ ነው። ማከፋፈያም፣ ዋናው መሥሪያ ቤትም ፕላንት ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር ክምችቱ ብዙ ጊዜ ዋጋ የሚሰጠው በፕላንት ደረጃ መሆኑ ነው። በአንድ ፕላንት ውስጥ ካለ መጋዘን ወደ ሌላው ስታዘዋውሩ የየመጋዘኑ ብዛት ብቻ ይቀየራል፣ ሒሳብ አይነካም። ቃሊቲና ሐዋሳ ግን ሁለት ፕላንት ከሆኑና ከረጢቱ በቋሚ ዋጋ እዚህ 1,000 ብር፣ እዚያ 1,050 ብር ከተያዘ፣ 25,000 ብር የዋጋ ልዩነት ሒሳብ ውስጥ ይገባል። «ይሄ ብር ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መነሻው ይሄ ነው።

«ሰው በለቀቀ ቁጥር መዋቅሩ ይነካል»

አይነካም። የሥራ መደቡ ሌላ፣ ሰውየው ሌላ ነው። መደቡ ክፍት ሆኖ ይቆያል።

«ጀምረን እናስተካክለዋለን»

ኮስት ሴንተር ላይ ልክ ናችሁ፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተብሎ ስለሚከፈት አሮጌውን ዘግቶ አዲስ መክፈት ቀላል ነው። ፕላንት ግን የሚታሰረው ከአንድ ካምፓኒ ኮድ ጋር ብቻ ነው። ዕቃ ከገባበትና ሒሳብ ከተመዘገበበት በኋላ ወደ ሌላ ላዙረው ብትሉ አዲስ ፕላንት መክፈት፣ ክምችቱን ማዘዋወርና ያልተጠናቀቁ የግዥ ትዕዛዞችን አንድ በአንድ እንደገና ማውጣት ይጠብቃችኋል። ስለዚህ መጀመሪያው ስብሰባ ላይ ንብረት ክፍሉንና ሒሳብ ሠራተኛዋን አስቀምጧቸው፤ ዕቃው የት እንደሚያድር የሚያውቁት እነሱ ናቸው።