ቆዳ የሚያርሰው፣ ቁርጥማት የሚያስታግሰው፦ የሚቀባውና የሚዋጠው

እ.ኤ.አ. በ1934 ካርል ማየርና ጆን ፓልመር የተባሉ ተመራማሪዎች ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከከብት ዓይን አንድ ዝልግልግ ነገር ለዩ። ሃያሉሮኒክ አሲድ አሉት። ዛሬ የፊት ሴረም ላይም፣ የጉልበት እንክብል ላይም ስሙ ተጽፎ የምናየው ያው ነገር ነው። ሰውነታችን ራሱ ያመርተዋል። ግማሽ ያህሉ ያለው ቆዳ ውስጥ ነው። በመገጣጠሚያ መሃል ያለው ፈሳሽም እንደ እንቁላል ውኃ የሚዝለገለገው በእሱ ነው።

እንግዲህ ብንቀባው ቆዳ ይርሳል፣ ብንውጠው ጉልበት ይላላል? ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ጥሩ ነበር። ጣጣው መንገዱ ላይ ነው።

የቆዳ የውጩ ንጣፍ ከወረቀት የሳሳ ነው። የሞቱ ሴሎች እንደ ጡብ ይደረደራሉ፤ በመሃላቸው ሴራማይድ የበዛበት ስብ እንደ ሲሚንቶ ያያይዛቸዋል። ሥራው ውኃው እንዳይወጣ፣ ባዕድ ነገርም እንዳይገባ መዝጋት ነው። እንደ ልማድ ከ500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) የሚከብድ ሞለኪውል በጤነኛ ቆዳ እንደማያልፍ ይታሰባል። ሃያሉሮኒክ አሲድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በመቶ ሺዎችና በሚሊዮኖች ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ላይ ላዩን ሆኖ ውኃ ይይዛል፣ ፊትን ለጊዜው ወዛም ያደርጋል፣ ስንታጠብ አብሮ ይሄዳል። ተሰባብሮ እንዲያንስ የተደረገው ዓይነት ትንሽ ጠለቅ ይላል።

ግሊሰሪን ግን 92 ዳልተን ብቻ ነው። ርካሽ ነው፣ ስሙም አያምርም፤ የሎሽን ጠርሙስ ጀርባውን ብታነቡት ግን ብዙ ጊዜ ከውኃ ቀጥሎ የተጻፈው እሱ ነው። ክሬም ውስጥ የሚገባው ዩሪያ እስከ 10 በመቶ ሲሆን ያረጥባል። ከ20 በመቶ ሲያልፍ የደደረ ቆዳን ያነሳል፣ ለተሰነጠቀ ተረከዝ ይሆናል። የቆሰለ ቦታ ላይ ካደረጋችሁት ይለበልባል። ሮበርት ቼዝብሮ እ.ኤ.አ. በ1872 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ቫዝሊን ደግሞ ጠብታ ውኃ አይጨምርም። ያለውን እንዳይተን ይከድነዋል፤ በዚህ ሥራ የሚወዳደረው ቅባት አይገኝም። ለዚህ ነው ሰዓቱ ወሳኝ የሚሆነው፦ ታጥባችሁ፣ በፎጣ ደረቅ እስኪል ሳትፈትጉ፣ ቆዳው ገና እርጥብ እያለ ቀቡት። በደረቅ ቆዳ ላይ የተቀባ ቫዝሊን ድርቀቱን ነው የሚከድነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከውድ ሴረም ይልቅ ይህችን ልማድ እመርጣለሁ።

ወደሚዋጠው እንለፍ። ቆዳንና መገጣጠሚያን አጠንክሮ የሚይዘው ኮላጅን ከሰውነታችን ፕሮቲን ሲሶ ያህሉ ነው። ቢዋጥ ግን ቀጥታ ሄዶ ፊት ላይ አይለጠፍም። አንጀት ይፈጨዋል፤ ወደ ደም የሚገባው ብጥስጣሹ ነው። በቀን ከ2.5 እስከ 10 ግራም፣ ለ8 ወይም ለ12 ሳምንት በተሰጠባቸው ሙከራዎች የቆዳ እርጥበት የተሻሻለባቸው አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹን በገንዘብ የደገፉት ግን አምራቾቹ ራሳቸው ናቸው። ይህን መርሳት አያስፈልግም።

ለመገጣጠሚያ ሕመም በእንክብል የሚሸጡት ግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲን የበለጠ ተፈትነዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ በወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ላይ ጉልበታቸውን የሚያማቸው 1,583 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። ሁለቱ እንክብሎች በጥቅሉ መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ ክኒን አልተሻሉም። ሕመሙ የጠናባቸው ጥቂቶች ብቻ ሁለቱን አንድ ላይ ሲወስዱ ለውጥ አሳይተዋል። የመገጣጠሚያ ሕመም ሐኪሞች ማኅበር የሆነው የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለጉልበትና ለዳሌ መገጣጠሚያ መሸርሸር ግሉኮሳሚን እንዳይሰጥ አጥብቆ መክሯል። የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰውማ ለሐኪሙ ሳይነግር ጨርሶ መጀመር የለበትም፤ ደም መፍሰስ ሊያመጣበት ይችላል። የዓሣ ዘይት ውስጥ ያለው ኦሜጋ-3 በአንጻሩ ሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ) ላለባቸው ሰዎች ሕመሙን በመጠኑ ያቀልላል።

ያው መመሪያ ለጉልበት አጥብቆ የደገፈው እንደ ዳይክሎፌናክ ጄል ያለ የሚቀባ ማስታገሻ ነው። ዳይክሎፌናክ 300 ዳልተን አይሞላም፤ በቆዳው ያልፋል። ወደ ደም የሚገባውም ከሚዋጠው በጣም ያነሰ ስለሆነ ጨጓራን ያን ያህል አያስቸግርም። በርበሬን እንዲያቃጥል ከሚያደርገው ከካፕሳይሲን የሚሠራ ክሬምም አለ። እሱ በየቀኑ ካልተቀባ አይሠራም፣ መጀመሪያ አካባቢም ያቃጥላል። ቀብታችሁ እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ ዓይናችሁን ካሻችሁ ደግሞ ያኔ ጉልበታችሁን ትረሱታላችሁ።

የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ካርቲሌጅ የደም ሥር የለውም። ስለዚህ የዋጥነው ሁሉ በቀላሉ አይደርሰውም። የሚመገበው እንደ ስፖንጅ ነው፦ ስንረግጥ ይጨመቃል፣ ስናነሳ ዙሪያውን ካለው ፈሳሽ ይመጥጣል። ለዚህም ነው የታመመ ጉልበት ላላቸው ሰዎች ሐኪሞች ቁጭ በሉ ሳይሆን ተንቀሳቀሱ የሚሉት። ክብደት ለበዛበት ሰው ደግሞ አንድ ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል ይቀላል።